ጡት የሚወድቀው ለምንድን ነው?

የአራት ወር ልጅ የታቀፈች እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ አዋላጇን፣ «ጡቴ ወደቀብኝ፤ ልጁን ጡት ላስጥለው ይሆን?» ስትል ጠየቀቻት። አዋላጇም፣ «የለም እህቴ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ» አለቻት። ምክንያቱስ ምንድን ነው?

ሴት ስታረግዝ በጡቷ ውስጥ ያሉት ወተት አመንጪ ዕጢዎች ያድጋሉ። ጡቷ ይከብዳል፤ ቆዳውና ደጋፊ ጅማቶቹ ይለጠጣሉ። ልጁ ጡት ሲተው ዕጢዎቹ ያንሳሉ። የተለጠጠው ቆዳ ግን እንደ ድሮው አይሰበሰብም። እንግዲህ ለውጡ የሚመጣው ከእርግዝና ነው እንጂ ከማጥባት አይደለም። ያላጠባች ወላድም ጡቷ ይለወጣል።

ስለዚህ ልጅን ማስጣል ጡትን አይመልስም፤ ልጁን ግን ይጎዳል። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይጥባ። ማጥባት እናትንም በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏን ይቀንስላታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልክ የሆነ ጡት መያዣ ክብደቱን ይደግፋል። ሸንተረሩ እያደር ይደበዝዛል። ቅባት የወደቀ ጡት አያነሣም፤ ገንዘብ አይባክን። የማስጣያው ጊዜ ሲደርስም ጡቱ ወተት ቋጥሮ እንዳያሳምም ቀስ በቀስ ይሁን። ነገር ግን ጠጣር እብጠት፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ቅላትና ትኩሳት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ባሎችም ይህን ዕወቁ፤ በሚስታችሁ ጡት አታሹፉ። ልጃችሁን ያሳደገው እሱ ነውና።