ዋናው ቁልፍ፣ ተቀጥላው ቁልፍና የኢትዮጵያ ሰዓት

ጂሜይሉን እንደ ተንደርበርድ ወይም እንደ ሳምሰንግ ኢሜይል ባለ፣ ከጉግል ውጭ በሌላ ወገን በተሠራ መተግበሪያ የሚያነብ ሰው፣ መተግበሪያው ወደ ደብዳቤ ሣጥኑ የሚገባበትን ቁልፍ መስጠቱ ግድ ነው። ቀድሞ የሚሰጠው ዋናው የይለፍ ቃል ስለነበር፣ ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ የተፈለገው መተግበሪያ ፎቶውንና የአካውንቱን ማስተካከያ ጭምር የሚከፍት ቁልፍ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ጉግል ይህን አሠራር ለግል አካውንቶች ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ሲያስቀር፣ ማይክሮሶፍትም ለአውትሉክ የግል ተጠቃሚዎች በሴፕቴምበር 2024 ዘግቶታል።

አሁን ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኦውዝ ይባላል፤ መተግበሪያው የጉግልን የራሱን መግቢያ ገጽ ይከፍትና የይለፍ ቃሉ እዚያ ይጻፋል፣ ለመተግበሪያው የሚደርሰው ግን ቶክን የሚሉት፣ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊሰርዘው የሚችል የፈቃድ ምልክት ብቻ ነው። ሁለተኛው ጉግል የሚያመነጨው ባለ 16 ፊደል የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ሲሆን፣ ይህ ኦውዝን ለማያውቁ አሮጌ መተግበሪያዎች የተተወ መውጫ እንጂ የሚመረጥ መንገድ አይደለም። ዋናው የይለፍ ቃል ሲቀየር ይህ ተቀጥላ አብሮ ስለሚሻር፣ ትናንት ይሠራ የነበረ መተግበሪያ ዛሬ በድንገት አላስገባም ቢል ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይገኛል።

ይህ ተቀጥላ የሚገኘው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው ጥበቃ፣ ሲበራ ብቻ ነው። ጥበቃውን ከማብራት በፊት ግን አካውንቱ በማን እጅ እንዳለ ይታይ፤ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንደ ሌላውም የአገሪቱ ከተማ ሁሉ፣ ለስልክ ገዢው ኢሜይል የሚከፍትለት ሞባይል ሻጩ ወይም ጠጋኙ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የይለፍ ቃሉን ያወጣው፣ አንዳንዴም የራሱን ቁጥር የመልሶ ማግኛ ቁጥር አድርጎ ያስገባው እርሱ ከሆነ፣ የአካውንቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ያጠራጥራል። ስለዚህ ከማናቸውም መተግበሪያ በፊት የሚቃናው ይህ ቁጥር ነው፤ ወደ ሲም ካርዱ ቁጥር የሚላክ ኮድም ቁጥሩ የጠፋ ወይም ለሌላ ሰው የተላለፈ ዕለት ባለቤቱን ከደጅ ያስቀረዋል።

ኮዱን ያለ ኔትወርክ በየ30 ሰከንዱ የሚያወጣው የማረጋገጫ መተግበሪያ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አንድ እንቅፋት እዚህ አገር ይገጥመዋል። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ስለሆነ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት 7፡00 ተብሎ እንዲታይለት ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ስልኩን በ720 ኮዶች ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ ኮዱም በትክክል ቢጻፍ እንኳ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። ባለቤቱ ጥፋቱን በይለፍ ቃሉ ወይም በኔትወርኩ ላይ ሲፈልግ ይውላል። መፍትሔው ሰዓቱን ለአውቶማቲክ ትቶ፣ የሰዓት ክልሉን ብቻ በእጅ መምረጥ ነው፤ የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እርሷ የተመረጠችለት ስልክ የኢትዮጵያን ሰዓት እያሳየ በውስጡ ትክክለኛውን የዓለም ሰዓት ይቆጥራል፣ ምንም እንኳ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ቀኑን የትናንት አድርጎ ቢያሳይም።