ጥቃቅን አምሳያዎችን በቅርበት ፎቶ ማንሣት፤ ከእጅ ሥራ ገበያ እስከ ሰብል ማሳ

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን፣ የጎንደርን የፋሲል ግንብ ወይም የጣናን የደንገል ታንኳ አሳንሶ በእንጨት፣ በድንጋይና በደንገል መሥራት የብዙ እጅ ሙያተኞች መተዳደሪያ ነው። በዩኒቨርሲቲዎችም የአርክቴክቸር ተማሪዎች ገና ያልተገነባን ሕንፃ በካርቶንና በእንጨት አሳንሰው ሠርተው ለመምህራኖቻቸው ያቀርባሉ። እንዲህ ያለው ሥራ በአካል ሲታይ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ በስልክ ተነሥቶ ለገዢ ወይም ለመምህር ሲላክ ብዙ ጊዜ ውበቱን ያጣል። ፎቶው ይደበዝዛል፤ ግንቡም እንደ ግንብ ሳይሆን እንደ ልጆች መጫወቻ ይታያል። ገዢው ዕቃውን በእጁ ሳይዝ በፎቶ ብቻ በሚወስንበት በዚህ ዘመን ደግሞ የፎቶው ጉድለት እንደ ሥራው ጉድለት ይቆጠራል።

የችግሩ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ የካሜራው ርካሽነት አይደለም። ትንሽን ነገር በቅርበት ማንሣት የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉን የተረዳ ሰው በእጁ ባለው ስልክ እንኳ የተሻለ ውጤት ማግኘት ይችላል።

የመጠን ምጣኔና የዓይን ከፍታ

አምሳያ የሚሠራው በተወሰነ የመጠን ምጣኔ ነው። በ1ለ50 የተሠራ አምሳያ ማለት በእውነተኛው ሕንፃ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር ሁሉ በአምሳያው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት 12 ሜትር ስፋት ያለው ሕንፃ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው ደግሞ ወደ 3 ነጥብ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

ከዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይገኛል። ሰው ቆሞ ግንብ ሲመለከት ዓይኑ ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ያህል ከፍ ይላል። በ1ለ50 አምሳያ ላይ ይህ ከፍታ 3 ነጥብ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን አምሳያውን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ከላይ ወደ ታች ያነሣል፤ ይህም በአውሮፕላን ሆኖ ከማንሣት አይለይም። ስለዚህ ሌንሱን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የስልክ ካሜራ በአብዛኛው ከላይኛው ጫፍ ስለሚገኝ ስልኩን ገልብጦ ካሜራውን ወደ ታች ማዞር ቀላሉ መላ ነው።

ሆኖም ሁሉም ሥራ ከታች አይነሣም። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ በመሆኑ፣ ጎብኚ በመጀመሪያ የሚያየው በጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ በጣሪያው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ነው። የቤተ ጊዮርጊስን አምሳያ ከአፋፍ ከፍታ ማንሣት እውነተኛውን እይታ ያስታውሳል። ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ሥፍራ የሚያውቅ ሰው ከየት ቆሞ ያየዋል?

ቅርበት ለምን ብዥታን ያመጣል?

ሌንስ በአንድ ጊዜ ፍጹም ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በአንድ ርቀት ላይ ያለን ነገር ነው። ከዚያ ርቀት ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ክልልም ለዓይን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከክልሉ የወጣው ግን ይደበዝዛል። ካሜራው ወደ ዕቃው በቀረበ ቁጥር ይህ ጥርት ያለ ክልል በፍጥነት ይጠባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተገጠመለት ሙሉ ፍሬም ካሜራ ከዕቃው 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢቆምና የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 2 ነጥብ 8 ላይ ቢሆን፣ ጥርት ያለው ክልል 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀዳዳው ኤፍ 8 ሲሆን ክልሉ ወደ 2 ነጥብ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ኤፍ 16 ሲሆን ደግሞ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል። 24 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው አምሳያ ይህ ሁሉ አይበቃም፤ የፊቱ በር ጠርቶ የኋላው ግድግዳ ይደበዝዛል።

አምሳያውን መጫወቻ የሚያስመስለውም ይኸው ነው። እውነተኛ ግንብ ከ20 ሜትር ርቀት ሲነሣ ከፊቱ እስከ ኋላው ጥርት ብሎ ይወጣል። ተመልካችም ከልምድ የተነሣ፣ ሰፊ ብዥታ ያለበትን ፎቶ ሲያይ ዕቃው ትንሽ እንደሆነ ወዲያው ይገምታል። የእውነተኛ ከተማ ፎቶ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ሆን ተብሎ ሲደበዝዝ ከተማው አምሳያ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዥታን የመቀነሻ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ነው። የኤፍ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል፤ ጥርት ያለው ክልልም ይሰፋል። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 16 ሲኬድ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ ካሜራው አራት እጥፍ ጊዜ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ቀዳዳው ከመጠን በላይ ሲጠብ ደግሞ ብርሃን በጠርዙ ሲያልፍ ስለሚበተን መላው ምስል መደብዘዝ ይጀምራል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ ከኤፍ 16 ብዙ አለማለፍ ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ኋላ መራቅ ነው። በምሳሌው ካሜራ ርቀቱ ከ40 ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ፣ በኤፍ 8 ጥርት ያለው ክልል ከ2 ነጥብ 7 ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ የማያስፈልገውን ዙሪያ መቁረጥ ይቻላል። በእርግጥ ምስሉ ተቆርጦ ሲጎላ ብዥታውም አብሮ ስለሚጎላ ትርፉ በተግባር ወደ እጥፍ ገደማ ይወርዳል። 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶ በቁመትና በጎን በግማሽ ሲቆረጥም 3 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ለስልክ ማያ ገጽ ግን ይህ በቂ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ፎቶዎችን መደራረብ ነው። ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ ትኩረቱ በመጀመሪያ በፊተኛው ክፍል፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ በመጨረሻም በኋለኛው ላይ እየተደረገ ብዙ ፎቶ ይነሣል። ከዚያም እንደ ፎቶሾፕና ሄሊከን ፎከስ ያሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ከእያንዳንዱ ፎቶ ጥርት ያለውን ክፍል ብቻ መርጠው ወደ አንድ ምስል ያዋሕዳሉ። የማይንቀሳቀስ አምሳያ ለዚህ ዘዴ እጅግ ምቹ ነው።

የስልክ ካሜራ ባለቤቶች አንድ ጥቅም አላቸው። የስልክ ሌንስ አጭር፣ ብርሃን ተቀባይ ክፍሉም ትንሽ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ እይታ ሲነሣ ከትልቅ ካሜራ ይልቅ ሰፊ ክልል ጥርት አድርጎ ያሳያል። ጉዳቱ ብዙ ስልኮች ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ሲቀርቡ ትኩረት መያዝ አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ ስልኩን አስጠግቶ ከመታገል ትንሽ ራቅ ማለት፣ ከዚያም እንዲጠራ የሚፈለገውን ቦታ በጣት መንካት ይሻላል። ከበስተ ኋላ ያለውን ሆን ብሎ የሚያደበዝዘውን የሰው ፎቶ ማንሻ ስልት ማጥፋት ያስፈልጋል። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ያለው ለቅርብ ፎቶ የተመደበ ትንሽ ካሜራም ከዋናው ካሜራ ያነሰ ጥራት ስላለው ሁለቱን አነጻጽሮ መምረጥ ተገቢ ነው።

ካሜራውን ማስቀመጥና ብርሃኑን መምረጥ

በቅርብ ርቀት የእጅ ጥቂት መንቀጥቀጥ በፎቶው ላይ በጣም ጎልቶ ይታያል። ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ የሌለው ሰው ስልኩን በአሸዋ ወይም በእህል በተሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ ማስደገፍ ይችላል። የማንሻ ቁልፉን መንካትም ስልኩን ስለሚያናውጥ፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሣ ማድረግ ይጠቅማል።

ብርሃንን በተመለከተ እውነተኛ ሕንፃ አንዲት ፀሐይ ብቻ እንዳላት ማስታወስ ይገባል። በሁለት አምፖል መካከል የተቀመጠ ግንብ ሁለት ጥላ ይጥላል፤ ይህም ወዲያው ያሳብቅበታል። አምፖሉ በጣም ሲቀርብም ጥላዎቹ ወደተለያየ አቅጣጫ ይበተናሉ፤ የፀሐይ ጥላዎች ግን ትይዩ ናቸው። ስለዚህ ምርጡ መብራት ራሷ ፀሐይ ናት። የጧት ወይም የተሲያት ጨረር ከጎን ሲመጣ የግድግዳውን ሸካራነትና የመስኮቱን ጥልቀት ያወጣል። በቤት ውስጥ ደግሞ የመስኮት ብርሃን ለስለስ ያለ ነው፤ ጨለማ የሆነውን ጎን ከተቃራኒው በኩል ነጭ ወረቀት በማቆም ማብራት ይቻላል። የመስኮትና የአምፖል ብርሃንን መቀላቀል ቀለሙን ስለሚያዛባ ከአንዱ ጋር መጽናት ያሻል። የስልኩ የራሱ ፍላሽ ግን ጥላውን ሁሉ አጥፍቶ አምሳያውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ንጽሕናም ትልቅ ቦታ አለው። 1 ሚሊ ሜትር የምታህል የጤፍ ፍሬ በ1ለ50 አምሳያ ግቢ ውስጥ ብትወድቅ የ5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ትሆናለች፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ደግሞ የ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገመድ ይመስላል። ዓይን በቸልታ ያለፈውን ካሜራ አያልፈውምና ከማንሣት በፊት በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል።

ገዢን አለማሳሳት

ጥሩ ፎቶ አምሳያውን ትልቅ ያስመስላል፤ ለሻጩ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የመዳፍ ስፋት ያለውን ዕቃ የክንድ ርዝመት ያለው አድርጎ የገመተ ገዢ፣ ዕቃው ሲደርሰው እንደተታለለ ይቆጥራል፤ ዳግመኛም አይመለስም። ስለዚህ ከውብ ፎቶዎቹ ጋር ቢያንስ አንድ ፎቶ ዕቃውን ከማስመሪያ ወይም ከሰው እጅ ጋር ማሳየት አለበት። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር መጻፍ፣ ስንጥቅ ወይም ጥገና ካለም በግልጽ ማንሣት የሙያተኛውን ስም ይጠብቃል።

ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?

በአምሳያ ላይ የተለማመደ እጅ በማሳም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የታወቀውን የአሜሪካ መጤ ተምች ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰው ትል ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከሌሎች ትሎች የሚለየውም በግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ ዋይ ፊደል በሚመስል ምልክትና በጅራቱ አቅራቢያ በአራት ማዕዘን በተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ነው። እነዚህ ምልክቶች የማይታዩበት ደብዛዛ ፎቶ ለግብርና ባለሙያ ቢላክ ባለሙያው ተባዩን ለመለየት ይቸገራል፤ በመካከሉ የሚባክነው ቀን ደግሞ በቆሎው የሚበላበት ቀን ነው።

በመሆኑም አርሶ አደሩ ሦስት ፎቶዎችን ቢያነሣ መልካም ነው። የመጀመሪያው የማሳውን ጠቅላላ ሁኔታ፣ ሁለተኛው የተጎዳውን ተክል፣ ሦስተኛው ትሉን በቅርበት የሚያሳይ ይሁን። ትሉን ነጭ ወረቀት ላይ አኑሮ፣ ከቀጥታ ፀሐይ ወደ ጥላ ወስዶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጎ ማንሣት ምልክቶቹን ያጎላል። ግንባሩንና ጅራቱን ለየብቻ ማንሣትም ጥርት ያለው ክልል ጠባብ መሆኑ የሚያስከትለውን ችግር ይቀንሳል።

ለመለማመድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ትንሽ ዕቃ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ፣ መጀመሪያ ከፍታውን፣ ቀጥሎ ርቀቱን፣ ከዚያም የብርሃኑን አቅጣጫ፣ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ማነጻጸር በቂ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። አንድ በአንድ የፈተነ ግን ነገ ለሽያጭ የሚሆን አምሳያም ሆነ በማሳው ውስጥ ያገኘው ትል ፊቱ ሲቀርብ፣ ከየት ቆሞ በምን ብርሃን እንደሚያነሣው አስቀድሞ ያውቃል።