የወንዛችን ዓሣ፤ አተነፋፈሱ፥ ደዌን የሚከላከልበት ኀይልና የእርባታው ተስፋ

ወንጪት ወደ ጀማ፥ ጀማም ወደ ዓባይ እንደሚፈስ የመርሐቤቴ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በእነዚህ ወንዞች ውስጥ ዓሣ እንዳለም ቆላ ወርዶ ያየ ሰው ይመሰክራል። ነገር ግን ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ፥ በምን ምክንያት እንደሚታመምና ሰውነቱ ደዌን እንዴት እንደሚከላከል የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህም ዕውቀት ለትምህርት ቤት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በዓለም ከተማ አካባቢ የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር የሚያስብ ሰው ገንዘቡንና ድካሙን ከማፍሰሱ በፊት ሊያውቀው ይገባል። ኩሬ በአግባቡ ቢያዝ ለልጆች ምግብ ይሆናል፤ በቸልታ ቢያዝ ግን የወባና የቢልሃርዝያ መፍለቂያ ይሆናልና።

፩ኛ፤ ዓሣ በውኃ ውስጥ እንዴት ይተነፍሳል?

ሰው በሳንባ እንደሚተነፍስ ዓሣ በስንጥብ ይተነፍሳል። ስንጥብ ከጉንጩ ኋላ፥ ከክዳኑ ሥር የሚገኝ፥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀይ አካል ነው። መቅላቱ ከስስ ቆዳው ሥር ብዙ ደም ስለሚመላለስ ነው። ዓሣው ውኃውን በአፉ ተቀብሎ በስንጥቡ ላይ ያሳልፈዋል፤ ከክዳኑም በታች ያስወጣዋል። ደሙ የሚሄደው ውኃው ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ስለ ሆነ፥ በውኃው ውስጥ ካለው ኦክሲጅን የሚበዛውን ክፍል ለመውሰድ ይችላል።

ይህን የመሰለ ጥበብ ለዓሣ ማስፈለጉ አያስደንቅም። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ሲኖር፥ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ግን ከ6 ሚሊ ሊትር ብዙ አይበልጥም። ውኃው እየሞቀ በሄደ መጠንም የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ከፍታም እንዲሁ ይቀንሰዋል። በባሕር ጠረፍ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ስለዚህ በደጋ ኩሬ ውስጥ ዓሣን ያለ ልክ ማጨናነቅ ትንፋሹን መንሣት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ሰዓት የንጋት ሰዓት ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያስመስሉት ጥቃቅን ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱ ራሳቸው ከዓሣው ጋር ይሻሙታል። በማለዳ ዓሣዎቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ቢከፋፍቱ ተራቡ ብሎ መኖ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው። የቸገራቸው ትንፋሽ ነውና መኖውን አቁሞ ንጹሕ ውኃ ማስገባት ይገባል። አምባዛ የተባለው ዓሣ ግን ከስንጥቡ በላይ አየርን በቀጥታ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው፥ ሌላው ዓሣ በሚያልቅበት ድፍርስ ውኃ ውስጥ ሊቈይ ይችላል።

፪ኛ፤ የዓሣ ደምና የውኃው ሙቀት

የሰው ሰውነት በብርድም ሆነ በሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይኖራል። የዓሣ ሰውነት ግን እንደ ውኃው ይሆናል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል፥ ሲሞቅም ይሞቃል። ከዚህ የተነሣ ዓሣ ከምግቡ አንዳችም ሰውነትን ለማሞቅ አያወጣም። ውኃውም ስለሚሸከመው ለመቆም ብዙ ጉልበት አያባክንም። በሚገባ የተያዘ የእርባታ ዓሣ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ በሚሆን ደረቅ መኖ አንድ ኪሎ ለመጨመር የሚችለው ስለዚህ ነው። ከብት ለዚሁ ዕድገት የሚፈልገው መኖ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ነገር ግን ጥቅሙ ያለ ዕዳ አልመጣም። በሳይንስ ቲላፒያ የሚባለው ቆሮሶ መልካም አድርጎ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው። ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱንና ማደጉን ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋም ይሞታል።

፫ኛ፤ ዓሣ ደዌን እንዴት ይከላከላል?

የዓሣ የመጀመሪያ ምሽግ ሰውነቱን የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው ይህን ፈሳሽ እንደ እድፍ ይቈጥረዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በውስጡ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ላይሶዛይም የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ይኸው ነገር በሰው እንባና ምራቅ ውስጥም ይገኛል። ዓሣን በደረቅ እጅ የሚጨብጥ ወይም በሻካራ መረብ የሚጐትት ሰው ይህን ምሽግ ይገፍፈዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላም በተላጠው ስፍራ ጥጥ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ይበቅልበታል።

ተሐዋስያን ይህን ምሽግ ጥሰው ቢገቡ በደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት ይውጧቸዋል። በሰው ዘንድ የደም ሕዋሳት የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ዓሣ ግን ይህን የመሰለ መቅኔ ስለሌለው ሥራውን የሚሠራለት የኩላሊቱ የፊት ክፍል ነው፤ ጣፊያውም ይረዳዋል። ዓሣ እንደ እኛው አንድ ጊዜ ያገኘውን ደዌ ለይቶ የሚያስታውስና ፀረ እንግዳ አካል የሚያዘጋጅ ኀይልም አለው። በመሆኑም ዓሣ ሊከተብ ይችላል። በ1942 እ.ኤ.አ. ዳፍ የተባለ ተመራማሪ የተገደለ ባክቴሪያ ከመኖ ጋር እያበላ ትራውት የተባለውን ዓሣ ከቍስል በሽታ ለመጠበቅ እንደሚቻል አሳየ። በኖርዌይ አገር በ1987 እ.ኤ.አ. ለእርባታ ዓሣ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ ፀረ ባክቴሪያ መድኀኒት ይፈስ ነበር። ክትባት ከተስፋፋ በኋላ ግን የዓሣው ምርት ብዙ እጥፍ ሲያድግ፥ መድኀኒቱ ወደ አንድ ቶንና ከዚያም በታች ወረደ። መድኀኒትን በውኃ ውስጥ ያለ ልክ ማፍሰስ መድኀኒት የማይበግራቸውን ተሐዋስያን ስለሚያራባ፥ ይህ ለሰው ጤናም ትልቅ ትርፍ ነው።

ለእኛ አገር አርቢ ግን ክትባት ከማሰብ በፊት ማስተዋል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የዓሣ የመከላከል ኀይል ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ ነው። የሞቀ ውኃ የለመደው ዓሣ ሲበርደው ፀረ እንግዳ አካል የሚያዘጋጅበት ሥራ ይዘገያል፤ አንዳንዱ ተሐዋሲ ግን በብርድም ይራባል። እንዲሁም መጨናነቅ፥ የኦክሲጅን ማነስ፥ ከስንጥቡ የሚወጣው አሞንያ በውኃው መጠራቀምና በክረምት የሚመጣው ደለል ዓሣውን ያስጨንቁታል። የተጨነቀ ዓሣም በደሙ ውስጥ የሚፈስሰው ኮርቲሶል የተባለ ቅመም የመከላከል ኀይሉን ያዳክምበታል። እንግዲህ በኩሬ ውስጥ ዓሣ ሲታመም መጀመሪያ የሚመረመረው ውኃው ነው፤ መድኀኒት የሚታሰብ ከዚያ በኋላ ነው።

፬ኛ፤ በመርሐቤቴ ዓሣ ማርባት ይቻላልን?

ከላይ የተነገረውን ያነበበ ሰው መልሱን ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ቆሮሶ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው በጣና ሐይቅ ይኖራል። በወሎ በሚገኘው በሐይቅ ውኃም በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተለቆ ተራብቷል፤ የሐይቁም ከፍታ 1,900 ሜትር ያህል ነው። ዓለም ከተማ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፥ በከተማው ዙሪያ የሚቆፈር ኩሬ ለቆሮሶ ከብርዱ ዳር ላይ ነው፤ ቢኖርም ዕድገቱ የዘገየ ይሆናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፥ ለእርባታ የሚሻለው ወደ ጀማና ወደ ወንጪት የሚወርደው ቆላና ወይና ደጋ ነው። ብርድ የሚወድ ዓሣም መኖሩ እርግጥ ነው። በባሌ ተራሮች ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት በቀዝቃዛ ውኃ ይኖራል። ይሁን እንጂ ትራውት ዘወትር የሚፈስስ ጥሩ ምንጭና በሥጋ የበለጸገ መኖ ስለሚፈልግ ለጀማሪ አይመችም።

በቆላውም ቢሆን ኩሬውን ከወንዙ መደብ ላይ መቆፈር አይገባም፤ የክረምት ጎርፍ ኩሬውንም ዓሣውንም ጠራርጎ ይወስደዋልና። ከጎርፍ ራቅ ብሎ፥ ከምንጭ ወይም ከመስኖ ቦይ ውኃ በሚገኝበት በሸክላ አፈር ላይ መሆን አለበት። ለአብነት ያህል 100 ካሬ ሜትር በሆነ ኩሬ 200 የዓሣ ጫጩቶች ቢጨመሩ፥ ከእነርሱም 150ው ተርፈው እያንዳንዳቸው 200 ግራም ቢደርሱ 30 ኪሎ ዓሣ ይገኛል። ለመኖ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ይሆናሉ። ጥቂት የከብት ፍግም ዓሣው የሚመገባቸውን ጥቃቅን ዕፀዋት ያበቅላል። የሰው ዐይነ ምድር ግን ፈጽሞ ወደ ኩሬው እንዳይደርስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቆሮሶ ያለ መጠን ስለሚራባ ካልተቈጣጠሩት ኩሬው በድንክ ዓሣ ይሞላል። አርቢዎች ወንዱን ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ወይም ግልገሉን የሚበላ አምባዛ ይጨምራሉ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ በሚመገቡ ሰዎች ዘንድ አይበላም። ስለዚህ አርቢው ገበያውን አስቀድሞ ይጠይቅ።

፭ኛ፤ ስለ ኩሬና ስለ ዓሣ ንጽሕና

ሀ/ የኩሬው ዳር ሣር እየታጨደ ጥርት ብሎ ይያዝ። የወባ ትንኝ እጭና የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ የሚጠለሉት በዳር ሣር ውስጥ ነው። ዓሣ ያልተጨመረበት ባዶ ኩሬ ውኃ አቍሮ እንዳይቀመጥ፤ ልጆችም እንዳይዋኙበትና እንዳይሰጥሙበት ይታጠር።

ለ/ በኩሬውና በገባሩ ምንጭ በእንዶድ ልብስ አይታጠብ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚጠቅም ለዓለም አስታወቁ። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል።

ሐ/ በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማስከር ይቅር። በብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ የዓሣው ሕዋሳት በኦክሲጅን እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። አጥማጁ የሚሰበስበው ትልልቁን ብቻ ነው፤ ከታች የሚያልቀውን ግልገል አያየውም። አንድ ቀን ለሚበላ ምሳ የመጪው ዓመት ዘር ይጠፋል።

መ/ ዓሣ ጥሬውን አይበላ። በአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ይህ ልማድ አለ፤ ነገር ግን በአገራችን ዓሣዎች ሥጋና ሆድ ዕቃ ውስጥ ልዩ ልዩ ትሎች ተገኝተዋል። ከእነርሱም ሰውን የሚያሳምሙ አሉ። ሎሚና ሚጥሚጣ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ ትሉን አይገድሉም። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ እስኪለቅ ድረስ ይብሰል።

ሠ/ ዓሣ ከሌላ ሥጋ ፈጥኖ ይበላሻል። ከቆላ ወደ ዓለም ከተማ ገበያ የሚያመጣ ሰው በተያዘበት ስፍራ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ በንጹሕ ውኃ ይጠበው፤ በረዶ ከሌለውም በጨው ቋንጣ ያድርገው። ገዢው ክዳኑን ገልጦ ስንጥቡን ይመልከት። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፥ ዐይኑ ጥርት ያለ፥ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ ትኩስ ነው። ስንጥቡ ከጠቈረና ዐይኑ ከሰረጐደ ግን ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ሕመም መግዛት ነው።

መምህራን ይህን ትምህርት ያለ ብዙ ወጪ በዐይን ለማሳየት ይችላሉ። አንድ ትንሽ ዓሣ በንጹሕ የመስታወት ዕቃ አኑሮ የስንጥቡ ክዳን በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ተማሪዎች ይቍጠሩ። ከዚያም ዕቃው በፀሐይ ዳር ጥቂት ለብ እንዲል ተደርጎ እንደ ገና ይቍጠሩት። ቍጥሩ መጨመሩን ያየ ልጅ፥ የሞቀ ውኃ ኦክሲጅን እንደሚያንሰውና የዓሣ ሰውነት እንደ ውኃው መሆኑን ዳግመኛ አይረሳም። ዓሣውም በጊዜ ወደ መጣበት ውኃ ይመለስ።