ስማርት ቤት የሚፈተነው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት ለሚሠሩ አዳዲስ አፓርታማዎች በሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ «ስማርት ሆም» የሚለው ቃል ከሊፍትና ከጀነሬተር ጎን መሰለፍ ከጀመረ ቆይቷል። ቤት የሚያሠራም ሆነ የሚያሳድስ ሰው ሱቅ ገብቶ ሲጠይቅ የሚነገረው ግን በአብዛኛው ስለ ብዛት ነው፤ ስንት አምፖል በስልክ እንደሚበራ፣ መጋረጃው እንዴት እንደሚከፈት፣ በድምፅ ምን ምን እንደሚታዘዝ። ሱቅ ውስጥ መብራቱም ዋይፋዩም ስላለ ሁሉም ይሠራል። ልዩነቱ የሚታየው ዕቃው ቤት ገብቶ ሲከርም ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባው ዋና ጥያቄ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቤቱ የሰው እጅ ሳይነካው ወደ ሥራው ይመለሳል? ወይስ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር አለበት?

ጥያቄው ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ መብራት በሚመለስበት ቅጽበት ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንይ። ብዙዎቹ የዋይፋይ አምፖሎች ከፋብሪካ ሲወጡ የተዘጋጁት ኃይል ባገኙ ቁጥር እንዲበሩ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ የተጫነ ሰው ብርሃን ይፈልጋል ተብሎ ስለሚታሰብ። ይህ ቅንብር ካልተቀየረ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ የልጆች መኝታ ክፍል ጭምር ቦግ ይላል። ከዚህ የባሰም አለ። አምፖል ላይ የሚጫን ቁልፍ ስለሌለ፣ ብዙ ርካሽ አምፖሎችን እንደ አዲስ ከስልክ ጋር ለማገናኘት ማብሪያውን በፍጥነት ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ማብራትና ማጥፋት ያስፈልጋል። አምፖሉ ደግሞ የባለቤቱን ጣት ከመስመሩ መቆራረጥ ለይቶ አያውቅም። መብራት ከመርጋቱ በፊት ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ካለ ትእዛዝ የደረሰው መስሎት የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ እየተርገበገበ እንደ አዲስ የሚያገናኘው ሰው ይጠብቃል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ቦይለር በፕሮግራም የሚያበራ የዋይፋይ ሶኬት ብዙውን ጊዜ በባትሪ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱን የሚወስደው ከኢንተርኔት ነው። መብራቱ መጥቶ ኔትወርኩ ካልመጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፤ ቦይለሩም ሳይበራ ይነጋል። ዕቃው አልተበላሸም፤ በታሰበለት መንገድ እየሠራ ነው። የታሰበው ግን መብራት እምብዛም ለማይጠፋበት ቤት ነው።

መነካካት የማይፈልግ አውቶሜሽን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጣሪያችን ላይ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት አዲስ አበባ በየግቢው ከታች ማጠራቀሚያ፣ መሐል ላይ ፓምፕ፣ ከላይ ሮቶ አለ፤ ሮቶው ውስጥ ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ ተንሳፋፊ። ውሃው ሲወርድ ተንሳፋፊው ያዘነብልና በውስጡ ያለው ማብሪያ ፓምፑን ያስነሳል፤ ሮቶው ሲሞላ ተንሳፋፊው ቀና ብሎ ያጠፋዋል። መብራት ለሦስት ሰዓትም ይጥፋ ለሦስት ቀን፣ ሲመለስ ተንሳፋፊው የሚያየው በዚያች ሰዓት ያለውን የውሃ ልክ ብቻ ነው። የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ የሚረሳውም የለም። ፍሪጅ የምንሰካበት ስታብላይዘርም መብራት እንደመጣ ወዲያው አያስነሳም፤ ኮምፕረሰሩ እንዳይመታ ጥቂት ደቂቃ ቆጥሮ ነው ኃይል የሚሰጠው። ሁለቱም የሚወስኑት ሥራው ባለበት ቦታ ነው፤ ሌላ ቦታ ያለ ማሽን አይጠይቁም፣ ማደሻም አይጠብቁም። አዲስ የምንገዛውን ሲስተም በእነዚህ መለካት አለብን።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ገበያውን የሞላው ርካሽ የዋይፋይ ዕቃ ትልቁ ድክመቱ የሚወስነው ቤታችን ውስጥ አለመሆኑ ነው። በብዙዎቹ ሲስተሞች ስልካችን ላይ የተጫንነው ትእዛዝ ወደ ሌላ አገር ሰርቨር ሄዶ ነው ተመልሶ ሳሎናችን አምፖል ላይ የሚደርሰው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቆይ፣ እንዲህ ያለ ሲስተም የነበረው ቤት ቢያንስ በስልክ የሚታዘዘውን ሁሉ ማጣቱ ግድ ነበር። «ዛሬ እኮ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ አማራጭ አለ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም አምስተኛውን ትውልድ ጀምሯል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ችግሩ የኔትወርክ ጥንካሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ ውስጥ ባልተከሰተ ነበር። ሬቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ በ300 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በጉግል ሥር የነበረው ኔስት እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፣ በግንቦት 2016 ሰርቨሩን ሲዘጋው የሰዉ ዕቃ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ኢንስቲዮን የተባለው ሌላ የስማርት ቤት ኩባንያ ሰርቨሮችም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፉ። የኢንስቲዮን ታሪክ ግን ሌላም ትምህርት አለው። አፑ ሲሞት ግድግዳው ላይ ያሉት ማብሪያዎች መሥራታቸውን አላቆሙም፤ ማብሪያና አምፖል በቀጥታ ከተሳሰሩ ትስስሩ የተጻፈው ዕቃዎቹ ውስጥ ነበርና። ኩባንያው የወሰደው ሰርቨሩ ላይ የነበረውን ነው፤ ቤት ውስጥ የነበረው ለባለቤቱ ቀረ።

የቴክኖሎጂ ዕውቀት ያላቸው ወንድሞቻችን እዚህ ላይ ጥሩ መልስ አላቸው፤ ሆም አሲስታንት። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ፣ ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ሁሉንም ነገር ቤት ውስጥ ካለ ትንሽ ኮምፒውተር ያስተዳድራል፣ ኢንተርኔት ቢቆረጥም ይሠራል። አደንቀዋለሁ፤ የሰርቨሩን ጥያቄ በትክክል ይመልሳል። የእጅ ሥራውን ጥያቄ ግን አይመልስም። በየወሩ አዲስ እትም ይወጣል፤ አንዳንዱ እትም ትናንት የሠራውን ቅንብር እንደገና እንድናይ ያስገድዳል። ብዙ ሰው የሚጭንበት ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ደግሞ በሜሞሪ ካርድ የሚነሳ ከሆነ፣ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የሚወድደው ሰው ይሥራበት፤ ነገር ግን ቤቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ባለሙያው ለመስክ ሥራ ሲወጣ እናቱ፣ ባለቤቱና የቤት ሠራተኛዋ መተላለፊያውን ለማብራት ወደ እሱ መደወል ከጀመሩ ሲስተሙ ሸክም ሆኗል።

ሌላው ተቃውሞ ዋጋ ነው፤ «አስተማማኙ ሁሉ ውድ ነው» ይባላል። ለኬኤንኤክስ እውነት ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጣለው ይህ የአውሮፓ ሥርዓት ለብቻው በሚዘረጋ ገመድ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ፕሮግራም ስለሚይዝ ሁሉን የሚያዝ አንድ ዋና ማሽን አያስፈልገውም፣ በመቶዎች ከሚቆጠሩ አምራቾች የሚመጣ ዕቃም እርስ በርሱ ይግባባል። ግን ውድ ነው፤ ቅንብሩንም የሚሠራው የሠለጠነ ሰው ነው። ለአብዛኛው ቤት መፍትሔው ከዚያ ርካሽ ነው። ብልህነቱን አምፖሉ ላይ ሳይሆን ማብሪያው ላይ እናድርገው። ከተለመደው ማብሪያ ጀርባ የሚገባ ትንሽ ሪሌ ስልኩም ዋይፋዩም ሞቶ በጣት ይሠራል። እንደ ሼሊ ያሉት ሪሌዎች በቤቱ ውስጥ ባለው መረብ ብቻ መታዘዝ ይችላሉ፤ መብራት ሲመጣ ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ወይም ጠፍተው እንዲቆዩ መርጦ መወሰንም ይቻላል። ቤቱ ገና ግንባታ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ሁለት ነገር ይለምን፤ በየማብሪያው ሳጥን ኒውትራል ሽቦ እንዲያስገባና ሳጥኑን ጠለቅ እንዲያደርገው። በብዙ ቤቶች ወደ ማብሪያው የሚወርደው ፌዝ ብቻ ነው፤ ኋላ ላይ ኒውትራል ለማምጣት ግድግዳ መፈልፈል ይጠይቃል። ልስን ሳይገባ ግን የጥቂት ሜትር ሽቦ ዋጋ ነው።

ውጭ አገር ሆኖ ቦሌ ያለውን ቤቱን ማየት የሚፈልግ ሰው «ያለ ኢንተርኔት ምን ይጠቅመኛል?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሩቅ ማየት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን በላዩ የሚጨመር እንጂ ቤቱ የሚቆምበት መሠረት መሆን የለበትም። ሞደምና ራውተሩን የሚይዝ ትንሽ የባትሪ ዩፒኤስ ብቻ የብዙ ጊዜ መቆራረጥን ያስቀራል። ከዚህ በላይ ግን የአካውንቱ ባለቤትነት ይታሰብበት። ዕቃውን የገጠመው ባለሙያ በራሱ ስልክና ኢሜይል ካስመዘገበው የቤቱ ቁልፍ ለዘለቄታው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ተከራይ በሚቀያየርበት ሰፈር ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ አካውንቱ በባለቤቱ ስም ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉም ከቤቱ ውል ጋር ይቀመጥ።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ሻጩን በትሕትና አንድ ነገር ለምኑት። የማሳያውን ሰሌዳ ከሶኬት አምስት ጊዜ በፍጥነት ይንቀለው፣ ይሰካው። ቀጥሎ ራውተሩን ያጥፋው፤ እናንተም ማብሪያውን በጣታችሁ ተጫኑ። መብራቱ ከበራ፣ ሪሌው የነበረበትን ካስታወሰና ማንም ስልኩን ሳያወጣ ሁሉም ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ ጣሪያችሁ ላይ እንዳለው ተንሳፋፊ ለዓመታት የምትረሱትን ዕቃ አግኝታችኋል። የቀረውን፣ መጋረጃውንም የድምፅ ትእዛዙንም፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብላችሁ ትጨምራላችሁ።