አይደርቄ በማሳ ዳር፤ ባዮፊውልና የአነስተኛ አርሶ አደሮች ተሞክሮ

በወሎ ባቲና በአካባቢው የሚገኙ አርሶ አደሮች ሰብላቸውን ከከብት ለመከላከል በማሳቸው ዙሪያ የሚተክሉት አንድ ቁጥቋጦ አለ። ከብት የማይበላውና ድርቅን በመቋቋም የሚታወቀው ይኸው ተክል በአካባቢው «አይደርቄ» በመባል ሲጠራ፣ በሌላው ዓለም ጃትሮፋ በሚል ስም ይታወቃል። ለረጅም ጊዜ ከአጥርነት ያለፈ ትኩረት ያላገኘው አይደርቄ፣ የነዳጅ ዋጋ ባሻቀበባቸው ዓመታት የበርካታ ታዳጊ አገሮች መንግሥታትና ባለሀብቶች ተስፋ ሆኖ ነበር።

ባዮፊውል ከዕፅዋት፣ ከእንስሳት ዝቃጭና ከተረፈ ምርት የሚገኝ ነዳጅ ነው። ከሸንኮራ አገዳና ከበቆሎ ኢታኖል፣ እንደ ጃትሮፋና ጉሎ ካሉ የዘይት ተክሎች ባዮዲዝል፣ ከከብት እበት ደግሞ ባዮጋዝ ይመረታል። ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዙ አገሮች ጠቀሜታው ግልጽ ቢሆንም፣ ጥሬ ዕቃውን የሚያመርተው አርሶ አደር ምን ያህል ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ ግን ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2008 የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ወደ 147 ዶላር መድረሱ ይታወሳል። በወቅቱ የነበረው የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም ባወጣው የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ፣ ለጃትሮፋ ተስማሚ የሆነ ከ23 ሚሊዮን ሔክታር በላይ መሬት በአገሪቱ እንደሚገኝ ተመልክቷል። በ2001 ዓ.ም በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተመረተ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ ጥቅም ላይ መዋል ጀመረ። ኢታኖሉ የሚገኘው ከስኳር ምርት ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ በመሆኑ፣ ለብቻው ተጨማሪ የእርሻ መሬት አልጠየቀም።

የጃትሮፋ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተክሉ በጠፍ መሬት ላይ መብቀል መቻሉ፣ በጠፍ መሬት ላይ ጥሩ ምርት ይሰጣል ማለት አይደለም። በቂ ፍሬ ለማፍራት እንደማንኛውም ሰብል ውኃና ለም አፈር ይፈልጋል፤ ሙሉ ምርት እስኪሰጥም ዓመታትን ይወስዳል። «ጠፍ» ተብሎ የሚመዘገበው መሬትም ቢሆን ለአካባቢው ነዋሪ የከብት መሰማሪያና የማገዶ ምንጭ ሆኖ የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህንኑ ከሚያረጋግጡት ተሞክሮዎች መካከል የኬንያው ይጠቀሳል። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከዓለም የጥምር ደን ግብርና ማዕከልና ከሌሎች ተቋማት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ጃትሮፋን ለብቻው ወይም ከሌላ ሰብል ጋር አሰባጥሮ መትከል ለአነስተኛ አርሶ አደሮች አዋጭ አለመሆኑን አመልክቷል። ጥናቱ የመከረው ተክሉ በአጥርነት ብቻ እንዲለማ ነው።

አጥር የሚሰጠው ጥቅም በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። በማሊ በተገኘው ልምድ መሠረት አንድ ሜትር የጃትሮፋ አጥር በዓመት ከ0.8 እስከ 1 ኪሎ ግራም ፍሬ ይሰጣል። አንድ ሔክታር ካሬ ማሳ 400 ሜትር አጥር ሲኖረው፣ ከዚህ ከ320 እስከ 400 ኪሎ ግራም ፍሬ ይገኛል። በአነስተኛ መጭመቂያ አንድ ሊትር ዘይት ለማውጣት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ፍሬ የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ ዓመታዊው ምርት ከ64 እስከ 100 ሊትር ይደርሳል። ይህ መጠን ሳሙና ለመሥራትና የመንደር ወፍጮን ለማገዝ ቢጠቅምም የአገርን የነዳጅ ፍላጎት የሚሸፍን አይደለም። ፍሬውም ሆነ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ መርዛማ በመሆኑ ለማዳበሪያነት እንጂ ለከብት መኖነት አይውልም።

በአገራችን በወላይታ አካባቢ የተካሄደው የጉሎ የውል እርሻ ሌላው ትምህርት ሰጪ ተሞክሮ ነው። ጉሎ እናቶች ምጣድ ሲያሰሱበት የኖረ፣ ለአርሶ አደሩ እንግዳ ያልሆነ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት እንደተመለከተው፣ ከመሬታቸው ጥቂቱን ለጉሎ የመደቡ ቤተሰቦች የምግብ ዋስትናቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። በኋላ የወጣ ሌላ ጥናትም በውሉ አማካይነት የቀረበው ማዳበሪያ የምግብ ሰብሎችን ምርታማነት ለማሳደግ ማገዙን ገልጿል። ይሁን እንጂ ገበያው በአንድ ገዥ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን አደጋው በአርሶ አደሩ ላይ ይወድቃል። ገዥው ቢቀር በቆሎ ለቤት ቀለብ ይሆናል፤ ጉሎ ግን አይበላም።

ለአነስተኛ አርሶ አደር ቤት ይበልጥ የሚቀርበው የባዮፊውል ዓይነት ምናልባት ባዮጋዝ ሳይሆን አይቀርም። በኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሥራ የገባ ሲሆን፣ አራት ያህል ከብት ያለው ቤተሰብ በቀን 20 ኪሎ ግራም እበትን ከተመጣጣኝ ውኃ ጋር በመቀላቀል የማብሰያና የመብራት ጋዝ ማግኘት ይችላል። የሚወጣው ዝቃጭ ወደ ማሳ ተመልሶ አፈሩን ያዳብራል። እናቶችንና ሕፃናትንም ከማገዶ ጭስ ይታደጋል። ነገር ግን ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር ማብላያው በየዕለቱ የሚፈልገው ውኃ ለሴቶች ተጨማሪ ሸክም እንዳይሆን ጥንቃቄ ያሻል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የባዮፊውል ልማት ዘላቂ የሚሆነው የምግብ ሰብልን መሬት ሳይሻማ በማሳ ዳር ወይም ከተረፈ ምርት ሲገኝ፣ ምርቱም በቅድሚያ ለአካባቢው ፍላጎት ሲውልና የገበያ ውሉ አርሶ አደሩን የሚጠብቅ ሲሆን ነው። ከአንድ ሔክታር ያልበለጠ መሬት ያለው ገበሬ ለአንድ ተክል የሚሰጠው ቦታ ከልጆቹ ጉሮሮ ላይ የሚነሳ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ችግኝ ከማከፋፈል በፊት ፍሬውን ማን፣ በስንት ዋጋና እስከ መቼ እንደሚገዛ መልስ ሊያገኝ ይገባል።