የመጨረሻዪቱ ቧንቧ

ሙስካት ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ጉብራ ላይ የጨው ማስወገጃ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ፥ በኋላም ባርካና ቁርያት ከተጨመሩ ወዲህ፥ ሕዝቧ የሚጠጣው አብዛኛው ውኃ ከባሕር ተስቦ፥ ጨዉ ተለይቶ፥ ባዶነቱ ቧንቧውን እንዳይበላው ማዕድን ተመልሶለት፥ ክሎሪንም ተጨምሮበት በየሰፈሩ የሚታደል ነው። በጁን 2007 እ.ኤ.አ. ጎኑ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የጉብራንና የባርካን ጣቢያዎች ሥራ አስፈትቶ ከተማዪቱን ለቀናት ባስጠማ ጊዜ የዚህ ውኃ ክብር ለሁሉ ተገልጧል። እኔን ግን በውኃ ምርመራ ሙያ ስኖር ዘወትር የምታሳስበኝ፥ ከመንገዱ ቈጣሪ እስከ ወጥ ቤቱ ቧንቧ ያለችው አጭር መንገድ ናት።

የከተማው ቤቶች በጣራቸው ላይ እኛ ሮቶ የምንለውን የውኃ ማጠራቀሚያ ተሸክመዋል፤ የበጋው ፀሐይ ሮቶውን ሲያግለው ክሎሪኑ እየሳሳ ይሄዳል፥ ጠባቂው በተለየው ውኃ ውስጥም ዐይን የማያያቸው ረቂቃን ተሐዋስያን ይራባሉ።

አንድ ቀን፥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈበት ረፋድ፥ ውኃው ሸተተ ተብሎ ወደ መዋሊህ ሰፈር ተላክሁ። በሩን የከፈተችልኝ ያገሬ ልጅ ነበረች፤ በዐረብኛ ሰላም ብላኝ ፊቴን ካየች በኋላ «ይግቡ ጋሼ» አለችኝ። የቧንቧውን አፍ በእሳት ለብልቤ፥ ጥቂት አፍስሼ፥ ናሙናውን በንጹሕ ጠርሙስ ቀዳሁና በበረዶ ሳጥን አኖርሁት፤ ከዚያም በትንሿ ብልቃጥ በቀዳሁት ውኃ ላይ ክሎሪን ሲያገኝ ጽጌረዳ የሚመስለውን ዱቄት ጨመርሁበት። ውኃው እንደ ነጣ ቀረ። ከቈጣሪው አጠገብ የቀዳሁት ግን ወዲያው ቀላ። ጣራ ላይ ወጣሁ፤ የሮቶው ክዳን ተከፍቶ ወድቋል፥ ጎኑን በእጄ ብነካው አላስቀምጥ አለኝ፥ ከታቹ አተላ ተኝቷል፥ በአፉም ዙሪያ የርግብ ኵስ ደርቋል።

ስወርድ «ጋሼ፥ ይጠጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቤተ ሰዎቹስ ከዚህ ነው የሚጠጡት?» ብላት «ማዳምና ልጆቹ የታሸገ ነው፤ እኔ ነኝ ከቧንቧው የምጠጣው» አለችኝ። «እኅቴ፥ ውጤቱ እስኪወጣ ሳታፈዪ አትጠጪ» አልኋት።

በማግስቱ ናሙናው ያረፈበትን ሳህን ከማሞቂያው ሳወጣ፥ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ አንዲት እንኳ እንዳትገኝ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ የሚያዝዝባት ኢ. ኮላይ ሰባት ሰማያዊ ነጥቦች ሆና በቅላ ታየችኝ። ውጤቱ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለባለቤቱ ተላከ፤ የሥራችን ሕግ የሚጠይቀው እስከዚህ ብቻ ነው፥ እኔም ይህ ሕግ ጎደሎ መሆኑን ያመንሁት ያን ቀን ነው። ውኃውን የሚጠጣው ሰውና ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው አንድ ባልሆኑበት ቤት፥ ምርመራችን ለጠጪው ምን ረባው? ከዚያ ወዲህ ናሙና በቀዳሁበት ቤት ሁሉ ከዚያች ቧንቧ ማን እንደሚጠጣ እጠይቃለሁ፥ ውጤቱንም በሚሰማው ቋንቋ እነግረዋለሁ።

ሮቶው ታጥቦ፥ በክሎሪን ተዘፍዝፎ፥ ክዳኑም ታስሮ ከቈየ በኋላ ወደዚያው የመዋሊህ ቤት ለዳግም ምርመራ ሄድሁ። ብልቃጧን ለልጅቷ ሰጠኋትና ዱቄቱን ራሷ ነሰነሰችው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ቀለሙ ሲወጣ ዐይኗን ሳትነቅል ስታይ ቈየች፥ ከዚያም መለስ ብላ «ያኛውን የጓዳውንም ይዩልኝ» አለችኝ።