በጤፍ ፍሬ የተቆጠረ ፖከር

አንድ የጤፍ ፍሬ በአማካይ 0.3 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ፤ አንድ ኩንታል ውስጥ ደግሞ 333 ሚሊዮን። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ግራና ቀኝ ለሚኖር ሰው ጤፍ እንግዳ እህል አይደለም። የዘራው፣ ያረመው፣ የወቃው፣ ሰፍሮ ወደ ገበያ ያወጣው እህል ነው። ቁጥሩ ከአእምሮ በላይ የሆነን ነገር ለመለካት ለዚያ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ መስፈሪያ አይገኝም። እዚህ የሚሰፈረው በስልክ በነፃ የሚጫወቱት ፖከር ነው።

መነሻው 52 ካርታ ነው። በቢቸናም በሞጣም ከሥራ መልስ ካርታ የሚበውዝ አይጠፋም፤ የያዘው ካርታ ስንት መልክ ሊኖረው እንደሚችል ግን ቆጥሮ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከ52 ካርታ አምስት አምስት እያደረጉ ቢያወጡ 2,598,960 የተለያዩ ጥምረቶች ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ጥምረት አንድ የጤፍ ፍሬ ቢቀመጥ ጠቅላላው 780 ግራም ይሆናል፤ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ይህ ትንሽ ክምር ሲለይ የፖከር ትምህርት ግማሹ እዚያው ይገኛል። ከ780 ግራሙ 391 ግራም ምንም ያልያዘ፣ ጥንድ እንኳ የሌለው ባዶ ካርታ ነው። 329 ግራም አንድ ጥንድ ብቻ የያዘ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲነሡ በሚዛኑ ላይ ከ60 ግራም ያነሰ ይቀራል። ከዚያ ላይ 37 ግራሙ ሁለት ጥንድ፣ 16 ግራም ተኩሉ ሦስት አንድ ዓይነት ነው። አምስት ተከታታይ ቁጥር 3 ግራም፣ አምስቱም ባንድ ምልክት የሆኑበት 1.5 ግራም፣ ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ አብረው የተገኙበት 1.1 ግራም ይመዝናሉ። አራት አንድ ዓይነት ካርታ 624 ፍሬ ነው፤ ይህም የግራም አንድ አምስተኛ አይሞላም። ተከታታይም ሆኖ ባንድ ምልክት የመጣው 36 ፍሬ ሲሆን፣ የሁሉም የበላይ የሆነው፣ ከ10 እስከ አስ ባንድ ምልክት የተሰለፈው፣ 4 ፍሬ ብቻ ነው። ከ649,740 አንዴ ይመጣል። ፊልም ላይ ጀግናው በየምሽቱ የሚያወጣው ካርታ ይህ ነው።

ዛሬ በነፃ መተግበሪያዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው የፖከር ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደብቆ ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። መጀመሪያ የሚደርሱት ሁለቱ ካርታዎች 1,326 መልክ አላቸው። ከነዚህ ሁለት አስ የሚሆኑት 6 ናቸው፤ ከ221 አንዴ ማለት ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ በሰዓት 30 ዙር ያህል ስለሚታደል ሁለት አስ በአማካይ በየ7 ሰዓት ከ22 ደቂቃው ይመጣል። እሱም መጥቶ፣ ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ተጋጣሚ ጋር እስከ መጨረሻ ቢሄድ፣ ከ100 ወደ 15 ጊዜ ይሸነፋል። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ይኸው ነው፤ ሰባት ሰዓት የጠበቀው ካርታ ሲሸነፍበት መተግበሪያው ያጭበረበረው ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ገና ከመጀመሪያው ሽንፈቱን ቆጥሮ አስገብቶታል።

በእጅ ያሉት ሁለቱና የመሃሉ አምስቱ ተደምረው ሰባት ካርታ ሲሆኑ 133,784,560 ጥምረት ይወጣቸዋል። በጤፍ 40 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሁለቱም ካርታና የመሃሉ አምስት አብሮ ሲቆጠር ግን ሸክሙ ከሰው ትከሻ በላይ ይሆናል። ቁጥሩ 2,781,381,002,400 ነው። ጤፉ 8,344 ኩንታል ይሆናል፤ በአንዱ 50 ኩንታል ቢጫን 167 አይሱዙ ይፈልጋል። ገና ማንም ምንም አላስያዘም።

ለማነጻጸር ያህል ገበጣን ማየት ይበቃል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥና በአፍሪካ ቀንድ የሚጫወቱትን የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። የገበጣ ዘመድ የሆነውን፣ 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ያለውን አዋሪን እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የአምስተርዳም ተመራማሪዎች፣ ሮማይንና ባል፣ በ144 ፕሮሰሰሮች በ51 ሰዓት ሙሉ በሙሉ ፈትተውታል። የጨዋታው መልኮች 889,063,398,406 ናቸው፤ 53 አይሱዙ ጤፍ ማለት ነው። ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ከተጫወተ ውጤቱ አቻ ነው። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ በዓይን ይታያል። በፖከር ግን ግማሹ ተደብቋል፤ ስለዚህ ካርታውን ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ ሌላው ሰው ስንት እንዳስያዘ፣ መቼ እንደጨመረ፣ መቼ እንደጣለ አብሮ ይቆጠራል።

ይህ ሲጨመር ጤፉ ከአይሱዙ ያልፋል። የማስያዣው መጠን የተወሰነበትና በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገው ሆልደም 316 ኳድሪሊዮን፣ ማለትም 316,000 ትሪሊዮን፣ መልክ አለው። በጤፍ 948 ሚሊዮን ኩንታል ነው። የመላ ኢትዮጵያ ዓመታዊ የጤፍ ምርት በ55 ሚሊዮን ኩንታል ቢታሰብ፣ አንድ ፍሬ ሳይበላ ከ17 ዓመት በላይ መከማቸት አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ማይክል ቦውሊንግና ባልደረቦቹ፣ ይህን ጨዋታ በተግባር ፈትተነዋል ሲሉ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳወቁ። ሴፊየስ ብለው የሰየሙት ፕሮግራም በ4,800 ፕሮሰሰሮች ለ68 ቀናት ከራሱ ጋር ተጫውቷል። ሥራው ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ቢሰጥ ወደ 900 ዓመት ይፈጅ ነበር።

ከዚህ በላይ ጤፍ ለመስፈሪያነት የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። 52ቱ ካርታ ተበውዞ የሚሰለፍበት የቅደም ተከተል ብዛት ባለ 68 አሃዝ ቁጥር ነው፦ 8 ብሎ ከኋላው 67 አሃዝ። ለእያንዳንዱ ሰልፍ አንድ የጤፍ ፍሬ ቢቀመጥ ክምሩ የፀሐይን ክብደት 12 ሚሊዮን ትሪሊዮን ትሪሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ቢቸና ላይ በደንብ የተበወዘ አንድ ካርታ ባለበት ቅደም ተከተል ከዚያ በፊት በምድር ላይ ተሰልፎ አያውቅም ቢባል ስህተት የመሆኑ ዕድል ከቁጥር አይገባም። በደንብ የሚለው ቃል ግን ዋጋ አለው፤ የሒሳብ ሊቃውንቱ ቤየርና ዲያኮኒስ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳሳዩት ካርታውን ለሁለት ከፍሎ እያጠላለፉ መበወዝ ሰባት ጊዜ ያህል መደገም አለበት። ሁለቴ በውዞ የሚያድል ሰው የቀድሞውን ሰልፍ በከፊል እንዳለ ያድላል።

ማስያዣው ያልተገደበበት ሆልደም ደግሞ በሁለት ሰው ብቻ 1 ብሎ 161 ዜሮ ያህል መልክ አለው። ለዚህ የሚሆን መስፈሪያ የለም።

ኮምፒውተር ይህን ያህል የሰፋውን ጨዋታ የተማረው በነፃ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በፒትስበርግ አራት ዕውቅ ባለሙያዎች ሊብራቱስ ከተባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ጋር በ20 ቀን 120,000 ዙር ተጫወቱ። ፕሮግራሙ በቺፕ ቁጥር 1,766,250 ዶላር በልጦ ጨረሰ። ቺፑ የሚመነዘር ገንዘብ አልነበረም። ሊብራቱስ ለዝግጅቱ 15 ሚሊዮን ያህል የኮር ሰዓት ፈጅቷል፤ በአንድ ኮር ከ1,700 ዓመት በላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኖአም ብራውንና ቱማስ ሳንድሆልም የሠሩት ፕሉሪበስ ባለ 64 ኮር በሆነ አንድ ማሽን በ8 ቀን፣ በ12,400 የኮር ሰዓት ሠለጠነ። የኪራይ ዋጋው ከ150 ዶላር በታች ተገምቷል። ሰው የተጫወተው አንድም ዙር አልተሰጠውም፤ ያለ ምንም ገንዘብ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ከባዶ ተነሣ። ከዚያ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ በ12 ቀን 10,000 ዙር ከባለሙያዎች ጋር ተጫውቶ አሸነፈ።

ሰውም ወደዚህ በቀረበ መንገድ ሄዷል። ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ውድድር ከ839 ተጫዋቾች አንደኛ በመውጣት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ኖርዌጂያዊቷ አኔት ኦብረስታድ ደግሞ ከዚያም በታች ነው የጀመረችው፤ በ15 ዓመቷ መግቢያ በማይከፈልባቸው የኢንተርኔት ውድድሮች። እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ ከ362 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጥታ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ስታሸንፍ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ቀርቷት ነበር። እንዲህ ያሉት ስሞች የሚጠሩት ጥቂት ስለሆኑ ነው፤ ተስፋ አድርጎ የሚነሣ ሰው በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ጋር እንጂ ከነሱ ጋር እንደማይሰለፍ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ለሞጣ ወጣት ነፃው ጨዋታ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ብዛት ነው። በፖከር ውስጥ የዕድል ጫጫታ ከችሎታ ድምፅ እጅግ ይበልጣል። አንድ ተጫዋች በየ100 ዙሩ በአማካይ አምስት ትልቅ ማስያዣ (ካርታው ከመታየቱ በፊት አንዱ ተጫዋች በግዴታ የሚያስይዘው መጠን) የሚያተርፍ ጎበዝ ነው እንበል። በዚያው 100 ዙር ውስጥ ዕድል ብቻውን ወደ ላይም ወደ ታችም 90 ያህል ያናውጠዋል። ትርፉ ከችሎታ መምጣቱን አምኖ ለመናገር ወደ 130,000 ዙር ያስፈልጋል። ትናንት ማታ 100 ዙር ተጫውቶ ያሸነፈ ሰው ስለ ችሎታው ያወቀው ነገር ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። የተሸነፈውም እንዲሁ።

እነዚህ 130,000 ዙሮች በሰው እጅ እየታደሉ፣ በሰዓት 30፣ በየምሽቱ አራት ሰዓት ቢሆን 1,083 ምሽት ይፈጃሉ፤ አንድ ምሽት ሳይታጎል ወደ ሦስት ዓመት። በስልክ በአንድ ጠረጴዛ በሰዓት 70 ዙር ያህል ስለሚሄድ 464 ምሽት ይበቃል። በኮምፒውተር አራት ጠረጴዛ አንድ ላይ የከፈተ በ116 ምሽት ይደርሳል። ኔትወርክ ካለ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ስሌት አብሮ ቆሟል፤ ያለ ኔትወርክ ከስልኩ ጋር ብቻ የሚያጫውቱ መተግበሪያዎች ግን አሉ።

ነፃው ጨዋታ የማይሰጠውም አለ። ቺፑ ዋጋ ስለሌለው ብዙ ሰው ማንኛውንም ካርታ ይዞ እስከ መጨረሻ ይሄዳል፤ ስለዚህ ባዶ ካርታ ይዞ ማስፈራራት እዚያ አይለመድም። የሚለመደው ስሌት ነው። መሃል 300 ቺፕ ሲኖርና ለመቀጠል 100 ሲጠየቅ፣ ለመክፈል ቢያንስ ከአራት አንድ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልጋል። ከመሃሉ ሦስቱ ብቻ ሲገለጡ አራት ካርታ ባንድ ምልክት ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው ያላየው 47 ካርታ አለ፤ የሚጠቅሙት 9 ናቸው። በሚቀጥለው ካርታ የማግኘት ዕድሉ 19 በመቶ ነው፤ አይበቃውም። ሁለት ካርታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያይ ከሆነ 35 በመቶ ይደርሳል፤ ይበቃዋል። ይህን ሺህ ጊዜ ተሳስቶ ማረም በነፃው ጠረጴዛ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

በገንዘብ በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ከመሃሉ ገንዘብ ብዙ ጊዜ እስከ 5 በመቶ ለቤቱ ይቆረጣል፤ ያሸነፈም ሆነ የተሸነፈ ሁሉ ለዚያ ይከፍላል። ስለዚህ ፖከር መማር የምትፈልጉ የቢቸናና የሞጣ ልጆች፣ ዙራችሁን እየቆጠራችሁ መዝግቡ፣ 130,000 እስኪሞላም አንድ ብር አታስይዙ።